የተሸፈነው ጠርሙስ፦ ስለ ወይን ጠጅ፣ ስለ ዳኝነትና ስለ ስም

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ወይን ጠጅ ነው። «በፖለቲካ ገጽ ላይ የወይን ጠጅ ወሬ ምን አመጣው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ ጥያቄያችሁም ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። ፖለቲካ ከብዙ ነገሮች መካከል «ማን ይበልጣል? ማንስ ፈረደ?» የሚል ክርክር ነው። ይህ ክርክር ከቤተ መንግሥትና ከፓርላማ ውጪ፣ በሰነድና በቁጥር ተመዝግቦ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲካሄድ ማየት የሚሻ ሰው የፈረንሳይን የወይን ጠጅ ታሪክ ያንብብ። ሰው ስለ ሥልጣን ሲናገር ይጠነቀቃል፤ ስለ ብርጭቆው ሲናገር ግን አይጠነቀቅምና ጠባዩን ቶሎ ያወጣል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሴሚስተር ማብቂያ ላይ፣ የሠላሳ አራት ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት አርሜ ጨረስሁ። ነጥቡን የያዝሁት በወረቀቶቹ ላይ ሳይሆን በተለየ ዝርዝር ላይ ስለነበር አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የሥራ ባልደረባዬን ለምኜ የተማሪዎቹን ስም በወረቀት አስሸፈንሁ፤ አደበላልቆ ከሳምንት በኋላ እንዲመልስልኝም አደረግሁ። ከዚያም እንደ አዲስ አረምሁ። በክፍል ውስጥ ዘወትር እጁን የሚያወጣው፣ አንደበተ ርቱዕ የምለው ወጣት መጀመሪያ ከ20 ነጥብ 17 ሰጥቼው ነበር፤ ማንነቱን ሳላውቅ ግን 13 ሰጠሁት። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ በመጀመሪያው እርማት 11 ነበራት፤ በሁለተኛው 15 አገኘች። ዘመድ አልነበረኝም፤ እጅ መንሻም አልተቀበልሁም። ራሴን እንደ ፍትሐዊ መምህር ነበር የማየው። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ አድልዎ ለመፈጸም ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ስሙን አስቀድሞ ማወቅ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ነው በፓሪስ ከተማ በአንድ የግንቦት ቀን ስለተፈጸመ ነገር ደጋግሜ ማሰብ የጀመርሁት። ታሪኩ ግን ከዚያ ቀን አንድ መቶ ሃያ አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

1. የደላሎቹ ዝርዝር

1855 ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመነ መንግሥት በፓሪስ ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተከፈተ። ፈረንሳይ ያላትን ሁሉ ለዓለም የምታሳይበት ነበርና የቦርዶ አካባቢ ወይን ጠጆችም እንዲቀርቡ ተወሰነ። የቦርዶ የንግድ ምክር ቤት ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ለከተማው የወይን ደላሎች ማኅበር ደብዳቤ ጽፎ የታወቁትን ወይኖች በየደረጃቸው ዘርዝረው እንዲሰጡት ጠየቀ። ደላሎቹ በኤፕሪል 18 መልሱን ላኩ። የወሰደባቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም።

ይህን ያህል የፈጠኑት ስለ ምን ነው? ለዚህ ዝርዝር ሲሉ የቅምሻ ውድድር አላካሄዱም፤ የአፈር ጥናትም አላደረጉም። የተመለከቱት ያላቸውን የዋጋ መዝገብ ነው። ለብዙ ዓመታት ውድ የተሸጠው አንደኛ ደረጃ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛ ደረጃ ድረስ ቀይ ወይኖቹ ተመደቡ። በአናቱ ላይ የተቀመጡት አራት ቤቶች ነበሩ፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ-ብሪዮን። እነዚህ አራቱ በዚያ ዓመት የተገኙ አዲስ ኮከቦች አልነበሩም፤ ከዚያ 68 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1787፣ ቶማስ ጄፈርሰን በቦርዶ ሲያልፍ እነዚሁኑ አራቱን በመጀመሪያው ረድፍ ጽፏቸዋል።

ዝርዝሩ ያስቀራቸውም አሉ። ከቀይ ወይኖቹ መካከል ከኦ-ብሪዮን በቀር ሁሉም የሜዶክ አውራጃ ናቸው። ከዶርዶኝ ወንዝ ማዶ ያሉት ሳንት ኤሚልዮንና ፖምሮል አንድም አልገቡም። ወይናቸው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ንግዳቸው በሊቡርን ከተማ ነጋዴዎች እጅ ስለነበረ የቦርዶ ደላሎች መዝገብ ውስጥ አልነበሩም። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በል። የመዝገብ ቤቱ ወሰን የጥራት ወሰን ሆኖ ቀረ። ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ይህን ስሕተት በየቀኑ እናየዋለን፤ ሰነድ የሌለው ሕዝብ ታሪክ እንደሌለው ይቆጠራል።

ደላሎቹ ራሳቸው ዝርዝራቸው ለዘለዓለም ይጸናል ብለው አላሰቡም። ለአንድ ትርኢት የተዘጋጀ የገበያ ቅጽበት ነበር። ነገር ግን የታተመ ነገር ሥር ይሰድዳል። ባለ ቤቶቹ ደረጃቸውን በጠርሙሳቸው ላይ ጻፉ፤ ነጋዴው ዋጋውን በደረጃው ተመነ፤ ገዥው ደረጃውን አይቶ ገዛ። መጀመሪያ ዋጋው ደረጃውን ወለደ፤ ኋላ ደረጃው ዋጋውን ይወልድ ጀመር። ደረጃው የተሰጠው ለመሬቱ ሳይሆን ለቤቱ ስም ስለሆነ፣ ባለ ቤቱ ከጎረቤቱ መሬት ገዝቶ ቢጨምር ወይም የራሱን ቢሸጥ ደረጃው አይነካም። በዝርዝሩ ላይ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ለውጦች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ካንትመርል የተባለው ቤት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተጨመረ። ሙቶን ሮትሽልድ ደግሞ ባሮን ፊሊፕ ለአሥርተ ዓመታት ከተሟገተ በኋላ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ አለ። ድንጋጌውን የፈረመው በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር የነበረው፣ ኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው ዣክ ሺራክ ነው። በ118 ዓመት አንድ እድገት! የእኛ አገር ሲቪል ሰርቪስ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

2. የስም ጦርነት

የወይን ስም ታሪክ ግን የባለ ሻቶዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን የወይን ተክል ከሥሩ ትበላ ጀመር። ወይን ሲጠፋ ማጭበርበር ነገሠ። በስኳርና በደረቅ ዘቢብ፣ በውኃና በቀለም የተሠራ መጠጥ የታወቁ ቦታዎችን ስም እየያዘ ተሸጠ። ተክሉ በአሜሪካ ሥር ላይ ተከትቦ ከዳነ በኋላም ሐሰተኛው መጠጥ ገበያውን አልለቀቀም፤ የእውነተኛው ወይን ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ደኸየ።

በ1907 የደቡብ ፈረንሳይ የላንግዶክ ገበሬዎች ተነሡ። መሪያቸው ማርስለን አልበር የተባለ፣ አርዠሊዬ በምትባል መንደር የሚኖር ወይን አምራች ነበር። ሰልፉ በየእሑዱ እየገዘፈ ሄዶ በጁን 9 በሞንፔልዬ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጣ። የክሌማንሶ መንግሥት ጦር ላከ፤ በናርቦን ከተማ ደም ፈሰሰ፤ ከአካባቢው ልጆች የተመለመለው 17ኛው የእግረኛ ሬጅመንት በወገኖቹ ላይ አልተኩስም ብሎ አመፀ። ከአራት ዓመት በኋላ በሻምፓኝ አውራጃ ሌላ ሁከት ተነሣ፤ ከሌላ ቦታ ወይን እያስመጡ «ሻምፓኝ» ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎች መጋዘን ተቃጠለ።

እነዚህ ገበሬዎች የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፦ የምድራችንን ስም እኛ እንያዘው። መንግሥት በ1905 የምግብና የመጠጥ ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ነገሩ እየተብላላ ቆይቶ በጁላይ 30 ቀን 1935 በወጣ ድንጋጌ የቦታ ስም በሕግ የሚጠበቅበት ሥርዓት ቆመ። ለዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ከነበሩት መካከል ዦዜፍ ካፑስ የተባለ ፖለቲከኛና የሻቶኔፍ-ዱ-ፓፕ አምራቾች መሪ ባሮን ለሯ ይገኛሉ። የትኛው መሬት፣ የትኛው የወይን ዝርያ፣ በሄክታር ስንት ምርት፣ እንዴት ያለ አሠራር የሚለው ሁሉ ተጻፈ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባላችን በፈረንሳይ አልሠራም፤ ስሙን ያወጣው ሕዝብ ነው፤ ያስከበረውም ሰልፍና ሕግ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስም አለን ማለት ነው። አንደኛው የደላሎቹ ዝርዝር ያጸናው የማዕረግ ስም ነው፤ «እኔ ከአንተ እበልጣለሁ» ይላል። ሁለተኛው ገበሬዎቹ የታገሉለት የምንጭ ስም ነው፤ «እኔ ከዚህ ነኝ» ይላል። የጽሑፌ ቁም ነገር በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

3. ግንቦት 16 ቀን 1968 ዓ.ም.

እኛ አገር የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ አንድ ወር ገደማ ሆኖታል። በፓሪስ ኢንተርኮንቲኔንታል ሆቴል ዘጠኝ ፈረንሳውያን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቀኑ ሜይ 24 ቀን 1976 ነው። የጋበዛቸው ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ፣ በፓሪስ የወይን ሱቅና የቅምሻ ትምህርት ቤት የነበረው እንግሊዛዊ ነው፤ ሐሳቡን ያነሣችው አብራው የምትሠራው አሜሪካዊት ፓትሪሺያ ጋላገር ነበረች። አሜሪካ 200ኛ የነጻነት ዓመቷን የምታከብርበት ዓመት ነበርና የካሊፎርኒያን ወይኖች ከፈረንሳይ ዝነኞች ጎን አስቀምጦ ማስቀመስ ለሱቁ ጥሩ ወሬ ይሆናል ብለው አሰቡ። ካሊፎርኒያ ታሸንፋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጋዜጠኞች ተጋብዘው የመጣው አንድ ብቻ ነው፤ የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር።

ዳኞቹ ተራ ሰዎች አልነበሩም። የፈረንሳይ የወይን መጽሔት ዋና አዘጋጅ ኦዴት ካን፣ የሮማኔ-ኮንቲ ባለ ቤት ኦቤር ዴ ቪሌን፣ የቱር ዳርዣን ምግብ ቤት የወይን ኃላፊ፣ የቦታ ስሞችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ተቋም ዋና ኢንስፔክተር ይገኙባቸዋል። የአገሪቱ ምላስ ተሰብስቧል ማለት ነው። የጠርሙሶቹ ማንነት ተሰውሮ መጀመሪያ አሥር ነጭ ወይኖች ቀረቡ፤ ስድስቱ ከካሊፎርኒያ፣ አራቱ ከቡርጎኝ። ቀጥሎ አሥር ቀዮች፤ ስድስቱ ከካሊፎርኒያ፣ አራቱ ከቦርዶ። እያንዳንዱ ዳኛ ከ20 ነጥብ ይሰጣል።

ቴበር የጠርሙሶቹ ቅደም ተከተል ዝርዝር በእጁ ስለነበር ዳኞቹ የማያዩትን ያይ ነበር። አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያን ነጭ ወይን ቀምሶ አሁን ገና ወደ ፈረንሳይ ተመለስን ሲል፣ ሌላው የቡርጎኝን ዝነኛ ወይን አሽትቶ ይህስ ያለ ጥርጥር ካሊፎርኒያ ነው፣ ሽታ የለውም ሲል ሰማ። ነጥቡ ሲደመር ከነጮቹ አንደኛ የወጣው የ1973ቱ ሻቶ ሞንተሌና ሆነ፤ የካሊፎርኒያ ወይን ነው። ከቀዮቹም የ1973ቱ ስታግስ ሊፕ በጠባብ ልዩነት ሙቶን ሮትሽልድን በልጦ አንደኛ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሙቶን ለአንደኛ ደረጃ ለአሥርተ ዓመታት ተሟግቶ፣ ማዕረጉን ካገኘ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው የሦስት ዓመት ተክል ፍሬ የቀደመው።

የአሸናፊዎቹ ማንነትም ያስገርማል። የሞንተሌናውን ወይን የጠመቀው ማይክ ገርጊች ከክሮኤሺያ የተሰደደ ሰው ነው። የስታግስ ሊፕ ባለቤት ዋረን ዊኒያርስኪ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ፍልስፍና ያጠናና ያስተማረ፣ ስለ ማኪያቬሊ ሲመራመር የነበረ ሰው ነው፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ነው ወደ ወይን እርሻ የሄደው። (እኔም አንዳንድ ቀን፣ በተለይ በእርማት ወቅት፣ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።)

ኦዴት ካን ውጤቱ ሲነገር የነጥብ ወረቀቷ እንዲመለስላት ጠየቀች፤ ስፐሪየር አልመለሰም። በመጽሔቷም ቅምሻውን ተቸች። ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የፈረንሳይ ቀይ ወይን በወጣትነቱ ይቆጠቁጣል፤ የሚፈረደው ሲያረጅ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነት አለበት። ስለዚህም በ2006፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ እነዚያው ቀይ ወይኖች አርጅተው በለንደንና በናፓ በተመሳሳይ ቀን እንደገና ተቀመሱ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ሁሉ የካሊፎርኒያ ሆኑ፤ በአናቱ የ1971ዱ ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ተቀመጠ። ለይግባኙ የተሰጠው ፍርድ ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የምወስደው «ካሊፎርኒያ ትበልጣለች» የሚለውን አይደለም። ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰጡት ነጥብ የዓለምን ወይን ሊመድብ አይችልም። የምወስደው ይህን ነው፤ ዳኞቹ አልዋሹም፤ አላዳሉም፤ ያላቸውን እውቀት ሁሉ በቅንነት አወጡ። የተወሰደባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ። ወረቀቱ ሲነሣ ምን ያህሉ እውቀታቸው በምላሳቸው ላይ፣ ምን ያህሉ በጠርሙሱ ላይ እንደነበር ታየ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው።

4. አዲሱ ሊቀ ጳጳስ

አሮጌ ዙፋን ሲነቃነቅ ባዶ አይቀርም። በ1978 ሮበርት ፓርከር የተባለ የሜሪላንድ ጠበቃ የራሱን የወይን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ማስታወቂያ አይቀበልም፤ ለተጠቃሚው እቆማለሁ ይል ነበር። ከነጋዴ የሚጋበዙ ሐያስያን በበዙበት ገበያ ይህ ንጹሕ አየር ነበር። ነጥቡን የሰጠው ከ100 ነበር፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤት እንደሚያርመው። የ1982ቱን የቦርዶ ምርት ብዙዎች ሲጠራጠሩት እርሱ ታላቅ ነው አለ፤ ጊዜ እውነቱን መሰከረለት፤ ዝናውም ከዚያ ተነሣ።

ቀጥሎ የሆነውን ማንኛውም የአብዮት ታሪክ አንባቢ ሊገምተው ይችላል። ከእርሱ 95 ያገኘ ወይን በአንድ ቀን ዋጋው ያሻቅብ ነበር፤ 85 ያገኘ ከመደርደሪያ አይነሣም ነበር። አምራቾች ለምድራቸው ሳይሆን ለአንድ ሰው ምላስ መጥመቅ ጀመሩ፤ የበሰለ፣ ወፍራም፣ አልኮሉ የበዛ፣ የአዲስ በርሜል ጣዕም ያለው ወይን በየአህጉሩ ተስፋፋ። የደላሎቹን ዝርዝር ሊሽር የመጣው ሰው ራሱ ዝርዝር ሆነ። ሰውየው ተበላሽቶ አይደለም፤ ብዙ ሰው የራሱን ምላስ ከማመን ቁጥር ማመን ስለሚቀለው ነው።

ቁጥሩስ ምን ያህል ይታመናል? በ2001 የታተመ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን አቅርቦላቸው ነበር፤ የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነው። በካሊፎርኒያ የክፍለ ግዛት ትርኢት ደግሞ ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ምሁር፣ እርሱም ወይን አምራች ነበር፣ ለዳኞች ያንኑ ወይን ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሳያውቁ አስቀመሳቸው። ለሦስቱም የተቀራረበ ሽልማት የሰጡት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ሽፋኑ ከአድልዎ ያድናል እንጂ ከስሕተት አያድንም። ስሙን መሸፈን የፍትሕ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ወረቀቱ የሚመለክበት ገበያ ደግሞ ሌባውን ራሱ ይጠራል። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ነጋዴ በካሊፎርኒያ ባለው ቤቱ ወይኖችን እያደባለቀ፣ የጥንት ጠርሙስ መለያ እየለጠፈ ለዓለም ባለጠጎች በሐራጅ ሸጠ። የተጋለጠው በምላስ ሳይሆን በታሪክ ነው፤ በ2008 ለሐራጅ ካቀረባቸው መካከል ከ1945 ጀምሮ ያሉ የአንድ የቡርጎኝ ቤት ጠርሙሶች ነበሩ፤ ቤቱ ግን ያን ወይን መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ባለ ቤቱ ራሱ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ሐራጁን አስቆመ። ኩርኒያዋን በ2014 አሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚያን ጠርሙሶች ከፍተው «ድንቅ ነው» ያሉ ስንቶች ነበሩ!

5. ደረጃ ይከለስ ቢባልስ?

«እንግዲያው ደረጃ በየጊዜው ይከለስ፤ ችግሩ ይፈታል» የሚል ይኖራል። ሳንት ኤሚልዮን ይህንኑ ሞክራዋለች። በ1855 የተዘለለችው ይህች አውራጃ በ1955 የራሷን ደረጃ አወጣች፤ በአሥር ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እንዲከለስም ደነገገች። ሐሳቡ ከቦርዶው ዝርዝር ይልቅ ዲሞክራሲያዊ ነው። ፍጻሜው ግን ፍርድ ቤት ሆነ። ከደረጃቸው የወረዱ ቤቶች የ2006ቱን ምደባ ከስሰው አስሻሩት። በ2012ቱ ምደባም ክስ ተነሣ፤ በሂደቱ ውስጥ ኃላፊነትና የግል ጥቅም አደባልቋል ተብሎ አንድ ባለ ቤት በ2021 ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ከአናት የነበሩት ሼቫል ብላንና ኦዞን «አንሳተፍም» ብለው ወጡ፤ በ2022 አንጀሉስ ተከተላቸው።

የማይከለስ ደረጃ ይደርቃል፤ የሚከለስ ደረጃ ይከሰሳል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ክስ ያለበት ቦታ ቢያንስ ተከራካሪ አለ ማለት ነው፤ ሙግት የጠፋበት ሰላም ብዙ ጊዜ የመቃብር ሰላም ነው። ነገር ግን ከሳንት ኤሚልዮን አንድ ትምህርት እንቅሰም፦ ዳኛው ራሱ ባለ ጉዳይ ከሆነ ክለሳም አያድንም።

6. ወደ እኛ ስንመለስ

ቦርዶ ወደ እኛም መጥታለች። መሠረቱ ቦርዶ የሆነው የካስቴል ድርጅት በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የወይን ተክል ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የተባሉ ወይኖችን ለገበያ አቅርቧል። የእኛ የክርክር ምድር ግን ወይን ሳይሆን ቡና ነው፤ ከላይ የተተረከውን የፈረንሳይን ታሪክ በቡና ላይ ኖረነዋልና።

በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ቀደም ብሎ ለራሱ አመልክቶ ነበርና ክርክር ተነሣ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በ2007 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ያኔ ብዙዎቻችን የተከታተልነው ነገር ነው። ፈረንሳይ የሄደችበትን የቦታ ስም ጥበቃ መንገድ አገራችን ያልመረጠችው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች እጅ ያለን ምርት በዚያ ዓይነት ዝርዝር ቁጥጥር መከታተል ከባድ ስለሆነ ነው። መንገዱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው የሞንፔልዬ ሰልፈኞች ጥያቄ ነበር፦ የምድራችንን ስም እኛ እንያዘው።

በዓመቱ ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። የገበሬውን ክፍያ ለማፋጠን፣ ዋጋን ግልጽ ለማድረግ የታለመ ሥርዓት ነበርና ዓላማውን አልነቅፍም። ቡናው ማንነቱ ሳይታወቅ ይቀመሳል፤ ደረጃ ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ከፓሪሱ ሆቴል ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። በፓሪስ ነጥቡ ተደምሮ እንዳለቀ ሽፋኑ ተነሣ፤ «ይህን የጠመቀው እገሌ ነው» ተባለ፤ ከክሮኤሺያ የመጣ ስደተኛ በዓለም ታወቀ። በእኛ ምርት ገበያ ግን ሽፋኑ አልተነሣም። ቡናው ከአንድ ደረጃ ቡናዎች ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ የቀበሌውና የገበሬው ስም በመንገድ ቀረ፤ የውጭ ገዥዎችም «ይህን ጣፋጭ ቡና ያበቀለው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ አጡ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ የመላክ በር ነበራቸው፤ ለሌላው ግን የምንጩን ስም መልሶ ለማግኘት በ2017 የወጣውን አዲስ የቡና ግብይት ሕግ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በ2020 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ነገሩን በሥርዓቱ አሳየን። ዳኞቹ የቀመሱት በቁጥር ብቻ ነው፤ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ግን የእያንዳንዱ አሸናፊ አምራች ስም ከነአካባቢው ተገልጦ ቡናው ለዓለም አቀፍ ጨረታ ቀረበ። ሲዳኙ ስሙን ሸፈኑ፤ ሲከፍሉ ስሙን መለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ መሸፈንና መሰረዝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ስንፈርድ ስምን መሸፈን ለደካማው መቆም ነው፤ ከፈረድን በኋላ ስምን አለመመለስ ደግሞ የላቡን ዋጋ መቀማት ነው። የማዕረግ ስም በፍርድ ወንበር ፊት ይሸፈን፤ የምንጭ ስም ግን ለባለ ቤቱ ይመለስ። ዛሬ በአገራችን ስለ ሹመት፣ ስለ ቅጥር፣ ስለ ትምህርት እድል በምናደርገው ሙግት ብዙ ጊዜ ሁለቱን እናደበላልቃለን። ሲፈረድ ስምና ትውልድ እናያለን፤ ሲሸለም ደግሞ የሠራውን ሰው ትተን «ድርጅቱ»፣ «ክልሉ»፣ «መሪው» እንላለን። የተገላቢጦሽ ማለት ይህ ነው።

ወደ ኑዛዜዬ ልመለስና ላብቃ። በዚያ ሴሚስተር ለሬጅስትራር ያስገባሁት ሁለተኛውን እርማት ነው። ከዚያ ወዲህ ስም ሳላይ ነው የማርመው፤ ጽሕፈታቸውን የማውቃቸው ተማሪዎች ግን አሉና ፍጹም ነኝ አልልም። የመጨረሻው ወረቀት ታርሞ ሲያልቅ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አነሣለሁ። በኋላ ወንበር የምትቀመጠውን ልጅ ጠርቼ «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ መልካም ጽፈሻል» አልኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የነበሩት ፈተናዎችስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።